ለስድብ የሚመች አገር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መኪና መርሳ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ተሳፋሪው ወርዶ ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን ይገዛል፤ ከሙሐመድዘይን መደብ የገዛ ደግሞ አሜሪካ ስትሰደብ በምራቂ ሰምቶ ይሄዳል። ሰውየው ጠዋት ሬድዮውን ከፍቶ ዜና ይሰማል፣ ይዘጋዋል፣ ከዚያ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት የሰማውን ለገበያተኛው ይተነትናል።

«አሜሪካ ማለት፣» ይላል ፓፓያውን እያገላበጠ፣ «ሳይጠሩት ሰርግ የሚመጣ ሰው ነው። ድግሱን ያግዛል፣ ሙሽራውን ይመርቃል፣ በስተመጨረሻ ሙሽሪትን ሳታማክሩኝ መረጣችሁ ብሎ ይቆጣል።»

ሰው ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ ይገዛል። ልጁ ናጅዋ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች፣ ለእረፍት በመጣች ቁጥር በስልኳ እየቀረጸች በራሷ ገጽ ላይ ትለቀው ነበር። «የመርሳው ተንታኝ» እየተባለ እስከ ሐራ ድረስ ስሙ ወጣ።

ናጅዋ ተመረቀችና አሜሪካ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አገኘች። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ደስታው ግን የቪዛውን ቅጽ እስክታነብ ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ያላት ገጽ ሁሉ ለኤምባሲው ክፍት ይሁን ይላል።

ያን ቀን አባት፣ እናትና ልጅ ስልኩን ከበው ተቀመጡ። የሰርጉ ቪዲዮ ወዲያው ተሰረዘ። ቀጥሎ ሙሐመድዘይን «ስንዴ ይሰጥህና ቁና ጠፋብኝ ብሎ ቤትህን ይፈትሻል» የሚልበት መጣ።

«ይሄ ሳቅ ነው እንጂ ምኑ ጸረ አሜሪካ ነው?» አለች እናቷ ቡርቱካን።

«እማዬ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሳቁ ነው።»

ተሰረዘ። የአሜሪካ ፖም ከመርሳ ማንጎ ጋር ሲተያይ ውሃ ውሃ ይላል ያለበትም አልተረፈም። በመጨረሻ ናጅዋ አባቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ እስከ ቪዛ ቀጠሮዬ ድረስ ስለ አሜሪካ ምንም አይበሉ። ማን እንደሚቀርጽዎት አይታወቅም።»

«ምንም?»

«ምንም። ጥሩም ቢሆን፤ እርስዎ ጥሩ ሲናገሩ ሰው ሽሙጥ ነው ይላል።»

ሙሐመድዘይን ቃሉን ሰጠ። ደንበኞቹ ግን አልሰጡም። የሚኒባስ ሹፌሩ ወልዴ በማግስቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጀመረው።

«ጋሼ፣ አሜሪካ ዛሬ ያለችውን ሰሙ?»

«አላህ ለሁሉም ልቦና ይስጥ።»

«ለአሜሪካም?»

«ለሁሉም አልሁ እንጂ ስም ጠራሁ?»

የተገደበ ውሃ ጎን በስቶ ይወጣል። የሙሐመድዘይን አፍም አሜሪካን ቢከለክሉት ሲንቀዠቀዥ ሰንብቶ ቀበሌው ውስጥ ባለው የውሃ ቧንቧ ላይ አረፈ። «ቧንቧው የተመረቀ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆረጠው ውሃው ነው» አለ። ሰው እንዲህ ስቆ አያውቅም። ስለ አሜሪካ ሲወራ ያላዳመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ጀሪካናቸውን ይዘው ቆሙ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር ካሳዬ መጣ። አንድ ኪሎ ማንጎ መዝንልኝ ብሎ ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ። ሙሐመድዘይን ይሄኔ ነው ነገር እንዳለ የገባው።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን አሜሪካን ትተዋታል እየተባለ ነው።»

«ተውኋት።»

«እኛ ከልክለንዎት እናውቃለን?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ወደሷው ይመለሱ። ሩቅ ናት፣ አትሰማም፤ ብትሰማም ሆደ ሰፊ ናት። ቧንቧው ግን የወረዳ ነው።»

ሙሐመድዘይን የልጁን ጉዳይ ነገረው። ካሳዬ ከልቡ አዘነ፤ ድንጋይ ስቦ ተቀምጦም መላ ፈለገለት።

«ቻይናስ?» አለ ሙሐመድዘይን ለመተባበር ያህል።

«ኧረ ቻይናን አይንኩብኝ፣ የልማት አጋር ናት።»

«ሩሲያስ?»

«እሷም ለጊዜው ትቆይ። ፈረንሳይስ አትሆንም?»

«ፈረንሳይን አላውቃት።»

«ለመሳደብ ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ? አሜሪካን መቼ አወቋት?»

ሙሐመድዘይን ምክሩን ተቀበለ። ፈረንሳይን አንድ ጠዋት ሞከራት፤ የሳቀለት የለም፣ የገዛም የለም። ወደ ቧንቧው ተመለሰ። በሳምንቱ መደቡ ለከተማዋ ገጽታ አይመችም ተብሎ ከአስፋልቱ ዳር ተነሣ። ግራና ቀኙ የነበሩት መደቦች ያው ሸራና ያው እንጨት ናቸው፤ ግን ውብ ሆነው ተገኙና ቀሩ። እሱ ከሚኒባሶቹ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋ። ዘይቱኑ ቶሎ ቶሎ ይበሰብስበት ጀመር።

በዚያው ሰሞን ውሃው መጣ። ሁለት ጠዋት ወርዶ ተመልሶ ሄደ። ቀበሌው የነዋሪውን ጥያቄ ሰምቼ መለስሁ ብሎ በድምጽ ማጉያ አስነገረ። ሙሐመድዘይን ይሄን ሲሰማ ፍራፍሬ መመዘኑን ትቶ ቆመ። አሜሪካን ስንት ዘመን ሲሰድብ አንድ ቀን «አቤት» ብላው አታውቅም። ቀበሌው ግን ክፉም ቢሆን መልስ ይሰጣል።

ናጅዋ ለቀጠሮዋ አዲስ አበባ ሄዳ ተመለሰች። ፊቷን ሲያዩ ማንም አልጠየቃት፤ ራሷ ነገረቻቸው።

«ከለከሉኝ። ትመለሻለሽ ወይ አሉኝ፣ እመለሳለሁ አልኳቸው፣ አላመኑኝም። አለቀ።»

«ስለኔስ?» አለ ሙሐመድዘይን።

«አላነሡዎትም።»

«አንዱንም አላዩትም?»

«ያዩት አይመስሉም፣ አባዬ።»

ለልጁ አዘነ። ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ፣ ለቡርቱካን እንኳ የማይነግራት ቅሬታ ነበረው፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲናገር አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም ማለት ነው?

ወሬው በማግስቱ ተዳረሰ። ወልዴ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ወደ ሚኒባሶቹ ጀርባ ዞረ፤ የታፈነው ስድብ ዛሬ ይፈታል ብሎ። «በሉ ጋሼ፣ አሁን ማን ይከለክልዎታል!»

ሙሐመድዘይን አፉን ከፈተ። ናጅዋ አጠገቡ ሆና የበሰበሰውን ዘይቱን ከደህናው ትለያለች፤ ቀና አላለችም።

«ልጄን አልፈለገቻትም፣» አለ። «ሌላ ምን እላለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። አንዲት ተሳፋሪ ማንጎ ልግዛ አለች፤ ናጅዋ ተነሥታ መዘነችላት።