ቀዩ ኮፈን

ጎረቤታችን ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። የብረት ቀለም፣ ከነቤንዚኑ። ሻይዬን ትቼ ተነሣሁ። ልጄ፣ አንተ ይሄን ሽታ ትጠላዋለህ። እኔን ግን ቡታጅራ፣ አባቴ ግቢ፣ ያቺ ትንሽ ትራክተር አጠገብ ወሰደኝ።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኛ ጭሰኞች ነበርን፤ የምናርሰው መሬት የሰው ነው። ታላቅ እህቴ ትዳሯ ፈርሶ አባቷ ቤት ከተመለሰች በኋላ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አትክልት የሚያለማ አንድ ፈረንጅ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሰውዬው ከበቅሎ ብዙም የማትበልጥ የጓሮ ትራክተር ነበረችው። ሞተሯ ሲታመም የምታስታምመው እህቴ ነበረች፤ መንዳቱንም ከእሱ ተማረች። አገሩ ሊገባ ሲነሣ "ከአንቺ በቀር ጠባይዋን የሚያውቅ የለም" ብሎ ሰጥቷት ሄደ።

እህቴ በትራክተሯ የበርበሬ ማሳችንን ማረስ ጀመረች። ሴት ልጅ፣ ያውም የጭሰኛ ልጅ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ መሪ ይዛ። ሰው ሥራውን ትቶ ያያት ነበር። የባለመሬቱ ወኪል ግን ማየቱ አልበቃውም። አንድ ቀን ማሳው ዳር በቅሎውን አቁሞ፣ "ጌታሽ በበቅሎ እየሄደ አንቺ በሞተር? ለጌታ ቤት አስረክቢ" አላት።

"የጌታን ድርሻ ከምርቱ እንሰጣለን" አለችው። "ትራክተሯ ግን ከመሬቱ አልበቀለችም።"

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ የሞተሩን ክዳን፣ እኛ ኮፈን የምንለውን፣ በመጥረቢያ ተከትክቶ አገኙት። የፊቱ ወንፊት ተገንጥሏል፤ ማጠፊያዎቹ ተሰብረዋል። የወኪሉ ሰዎች ሞተሩን አልነኩትም፤ ለራሳቸው ይፈልጉታላ። ክረምቱ ደርሶ ነበር፤ ኮፈን የሌለውን ሞተር ደግሞ ዝናብና ጭቃ ይጨርሰዋል።

እኔ ያን ጊዜ ወልቂጤ፣ የጅማ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ነበርኩ፤ የተጨራመተ የመኪና አካል አቀናለሁ። እህቴ በመንገደኛ "ኮፈን ይዘህ ና" ብላ ላከችብኝ። ሌላ ቃል የለውም። የዚያች ትራክተር ኮፈን አዲስ አበባ ድረስ ቢፈለግ አይገኝም። ከተገለበጠ አውቶቡስ የዕቃ ማስቀመጫ በር ላይ ሁለት ማጠፊያ ፈታሁ። ባለጋራዡ የፈቀደልኝን ላሜራ ጠቀለልኩ። የተረፈ ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዤ፣ በአዲስ አበባ ዞሬ ቡታጅራ ገባሁ።

አባቴ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። ሰላምታዬን ከመመለሱ፣ "አትሥራው ልጄ። ሽማግሌ ልላክና እንታረቅ" አለኝ።

እህቴ ከበስተኋላው፣ "ምን በድለን ነው የምንታረቀው?" አለች። አባቴ ሙስበሃውን፣ የዱዓ መቁጠሪያውን፣ እየቆጠረ ገባ።

የተከተከተውን ኮፈን መሬት ላይ ዘርግቼ ቅርጹን በከሰል ላሜራው ላይ አነሣሁ። እህቴ ትይዛለች፣ እኔ እቀጠቅጣለሁ። "ድምፁ ወኪሉ ቤት ይሰማል" ስላት "ይሰማ" አለችኝ። መጀመሪያ ስንገጥመው በአንድ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ፤ የአውቶቡስ ማጠፊያ ለትንሽ ትራክተር ወፍራም ነው። ፈታሁት፣ ሞረድኩት፣ ቀዳዳውን አሰፋሁና መለስኩት። አሁን ገጠመ። ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ ላሜራው እጅ የሚፈጅ ሆነ፤ የአየር መግቢያ ረስቻለሁ። እንደገና አወረድነው። ጎኑን በመሮ ሰንጥቄ ስንጥቁን ወደ ውጭ ቀለበስኩት። ቀለሙን እህቴ በጨርቅ ቀባችው። የትራክተሯ ሌላ አካል አረንጓዴ ስለነበር ቀዩ አብሮት አይሄድም። "ከሩቅ ይታያል" ብላ ሳቀች።

የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ሳጠብቅ ወኪሉ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ በአጥሩ ላይ ለአባቴ ተናገረ። "ይሄ ነገር ተገጥሞ ካየሁ፣ በርበሬውን ለቅማችሁ መሬቱን ትለቃላችሁ።"

የያዝኩት ዳዶ፣ የቡሎኑ ማሰሪያ፣ ከእጄ ወደቀ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያን ሰው "ጌታዬ" ሲል የኖረ ሰው ነው። ቤቱን አየ። እናቴ የተከለችውን እንሰት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ዳዶ ከመሬት አነሣና በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ሰጠኝ።

"አጥብቀው" አለኝ።

አጠበቅሁት። ዛሬም እዚያው ተመልሼ ብቆም አጠብቀዋለሁ፤ ይሄን እወቅልኝ።

ወኪሉ ያለውን አደረገ። በርበሬው እንደተለቀመ ውጡ ተባልን። የተባረረ ጭሰኛ ሰው እንዳያየው በጓሮው መንገድ ነበር የሚወጣው። እህቴ ግን የገበያ ቀን ጠብቃ በገበያው መሀል ነዳችው። ከኋላዋ በተቀጠለው ጋሪ ላይ ዕቃችን፣ አባቴና እኔ ነን፤ ወደ አጎታችን አገር መሄዳችን ነው። በርበሬ ሻጮቹ እየተነሡ መንገድ ለቀቁ። እሷ ሠርግ እንደተጠራች ሴት በግራም በቀኝም "አሰላሙ አለይኩም" ትላለች። ወኪሉ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ለእሱም አንገቷን ሳትሰብር ሰላምታ ሰጠችው። ሰው ሁሉ እያየው አጸፋውን ከመመለስ ሌላ ምን ያድርግ?

ከከተማው ወጥተን መቃብሩ ጋ ስንደርስ አባቴ "እናታችሁን ልሰናበት" አለ። እህቴ ሞተሩን አጠፋችው። አባቴ ወርዶ እጁን ዘርግቶ ረጅም ዱዓ አደረገ። እህቴ መሪውን እንደጨበጠች ፊት ፊቷን ታያለች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ሲመለስ ወደ ጋሪው አልወጣም። አጠገቧ ሄዶ የተፈታውን ሻሿን አስተካከለላት። ካደገች ወዲህ እንዲያ ሲያደርግላት አይቼ አላውቅም።

"በይ አስነሺያት" አላት።