ጠበቃ ያልኳት ልጄ

ልጄ በአንድ ጠበቃ ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አቤቱታ ታረቃለች፣ ማስረጃ በየመልኩ ታደራጃለች፣ ቀጠሮ ትከታተላለች፤ ጠበቃው አንብቦ ይፈርማል። ሙያዋ የጠበቃ ረዳትነት ነው። እኔ ግን በሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃዋ ልጄ» እያልኩ አፌን ሞልቼ አወራለሁ። እሷም ደስታዬን ላለመንሳት ዝም ትለኛለች።

ዘንድሮ ጠበቃው «የሙያ ብቃት ፈተና ተፈትነሽ የምስክር ወረቀት አምጪ» አላት። አኮረፈች።

«በዚህ ዕድሜዬ? አብረውኝ የሚፈተኑትን እኮ ፋይል አያያዝ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ!»

«እኔ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል ስቆጥር ሰማይ ተደፋ?» አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ልብስ ስትተኩስ፣ እኔ ከመለማመጃው መጽሐፍ ጥያቄ አነብላት ጀመር። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል፤ «ሰው ጠበቃ መስላው ምክር ቢጠይቃት፣ ረዳቷ ምን ማድረግ አለባት?»

ካውያውን አቆመችው።

«ጠበቃ አለመሆኗን ትናገራለች። ከዚያ ወደ ጠበቃው ትወስደዋለች» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ፣ ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ያመጣችው መቼ ነበር?»

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሱቋን እንድትለቅ ተፈርዶባት ነበር። «ምን አስጨነቀሽ፣ ልጄ ጠበቃ አይደለች?» ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። ልጄ ወደ ሥራ ስትጣደፍ በር ላይ ቆማ ወረቀቱን ገረፍ አድርጋ አየችና «ለይግባኝ ገና ጊዜ አለሽ» አለቻት። የቆጠረችው ግን የፍርዱ ግልባጭ ከተሰጠበት ቀን ነበር። ቀኑ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተነገረ ጀምሮ ነው። የመጣችበትን ቀን ስነግራት፣ የፍርዱን ቀን አስታውሳ በጣቷ ቆጠረችና ፊቷ ተለወጠ።

«ከሰኞ አያልፍም!»

ተከታትለን ወጣን። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች፤ አፏ ስፒል ይዟል።

«እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ረዳት ነኝ» አለቻት ልጄ። «የነገርኩሽም ስህተት ነው። የቀረሽ ሰኞ ብቻ ነው።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«እሷ ጠበቃ ነኝ አላለችሽም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

«እማማ፣ ሌላ ጠበቃ ያልፈለግኩት እኮ እርስዎን አምኜ ነው!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጄ ለአለቃዋም ምንም አልደበቀችም። ሰኞ ጠዋት ጠበቃው ራሱ ይግባኙን አስገባ፤ ልብስ ሰፊዋም እስከ ዛሬ ሱቋ ውስጥ ናት።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችኝ ልጄ፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዕድሜዋ አላነሳችም። ተፈትና አለፈች።

ጎረቤቶች «ጠበቃዋ አለፈች አሉ!» ሲሉኝ፣ «ረዳት ናት፣ የጠበቃ ረዳት» እላለሁ፤ በተናገርኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል። ልብስ ሰፊዋ በሱቋ በር ሳልፍ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» ትለኛለች። «ሌላ ቀን» እላትና አልፋለሁ።