አቆስጣ የነከሰው ጣት

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር፣ ሰናይት ቤት ምሳ እየበላን ሳለ ትንሿ ልጇ የእናቷን ቀኝ እጅ ይዛ፣ «አንቲ፣ የማሚ ፊንገር ለምን ስትሬት አይሆንም?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አቆስጣ ነክሶኝ ነው» አለች ሰናይት፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። ጠማማ ጣቷን እንደ ሜዳሊያ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። እኔ ወደ ሳህኔ አቀረቀርኩ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰደን፣ እዚሁ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። የጥገኝነት ጥያቄያችን መልስ ስላላገኘ መሥራት አይፈቀድልንም። ሰናይት ቀኑን በጨዋታ ትገፋዋለች፤ እኔ ቤተ መጻሕፍት እውላለሁ። ትምህርት ዘግይቼ ስለጀመርኩ ያመለጠኝን ሁሉ በአንድ ክረምት አንብቤ የምጨርስ ይመስለኝ ነበር። አቆስጣን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እንደ ዓሣ የሚዋኝ፣ እንደ ውሻ የሚጮኽ፣ ዓይኑ የሚያባባ የባሕር እንስሳ፤ ቴምዝ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አካባቢም ይገኛል።

የታመሙ አቆስጣዎችን የሚያስታምም ማኅበር በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልግ ያየሁት እኔ ነኝ። ሰናይትን ይዣት የሄድኩት ለመንገድ ጓደኛ እንድትሆነኝ ነው። የማኅበሩ ኃላፊ ሴትዮ ስትጠይቀን እኔ ትክክለኛውን ቃል ስፈልግ፣ ሰናይት በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ አሳቀቻት። እሷን ወሰዷት። እኔን እንጠራሻለን አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ዓሣ እየሸተተች ትመለስ ጀመር፤ ሽታው እንኳ ያስቀናኝ ነበር። አንድ ቀን ጣቷን በመሃረብ ጠቅልላ መጣች።

«በመቆንጠጫ አጉርሱት ይሉናል። በመቆንጠጫ ይጎረሳል እንዴ? ጓንቴን አውልቄ በእጄ ባጎርሰው ያዘኝ።»

ከቀናት በኋላ ጣቷ ቀልቶና አብጦ አልታጠፍም አልዘረጋም አለ። ሐኪም ቤት ስትሄድ ግን «ቢላ ቆረጠኝ» አለች፤ በጎ ፈቃዱ እንደ ሥራ ተቆጥሮ የጥገኝነት ጉዳይዋን እንዳያበላሽባት ፈርታ። ፔኒሲሊን ሰጧት። ባሰባት።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አጥሚትና ብርቱካን ይዘው ጎረፉ። አልጋዬ ላይ ተቀምጠው «አይዞሽ፣ የኔ ጀግና» ይሏታል።

«አንቺስ አቆስጣዎቹን አልነካሻቸውም?» አሉኝ እማማ አስካለ።

«አልነካሁም፣ እማማ።»

«ደግ አደረግሽ። አንቺ አርፈሽ አንብቢ።»

ማንበቡንስ አንብቤ ነበር፤ አቆስጣ የነከሰው ጣት በፔኒሲሊን አይድንም፣ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ካልታከመ መገጣጠሚያው ይደርቃል። እንግዶቹ ሲወጡ ለሐኪሙ እውነቱን እንድትነግረው ለመንኳት።

«ያነበብሽው ሁሉ እኔ ላይ ይድረስ? ወይስ ቀናሽ?»

«አዎ፣ ቀናሁ። ተነሽ እንሂድ።»

ሐኪሙ ፊት እግሬን በጫማዋ እየረገጠችኝ ተናገርኩ። እንግሊዝኛው ያን ቀን ቃል ሳልፈልግለት መጣልኝ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ በአድናቆት አየኝ።

«እዚያ የምትረጂው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኩ። «እሷ ናት።»

ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። መድኃኒቱ ተቀየረ፣ እብጠቱ ጎደለ፤ ጣቷ ተረፈ፣ ትንሽ ተጣሞ ቀረ እንጂ። ጉዳይዋንም የነካባት የለም።

«አንቺንስ ነክሶሽ ያውቃል?» አለችኝ የሰናይት ልጅ፣ ምሳው ላይ። ሁለት እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት፤ ጣቶቼ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ስንት ፈተና አልፌያለሁ፤ አቆስጣ ግን እስከ ዛሬ ነክቼ አላውቅም።

ሰናይት በዚያችው እጇ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች።

«እንዳትነክሺኝ ብቻ» አለችኝ።

ለጥቂት ነው የተረፈችው።