ብቻዬን ያሸነፍኩት ጨዋታ

አካውንቴ ተዘግቷል ይላል። ኤርፖርት የታክሲ ተራ ይዤ፣ ስልኬን አውጥቼ፣ ገና አንድ ቼዝ ልጀምር ስል። ምክንያቱን ሳነብ ክው አልኩ፦ በጨዋታ መሀል የሌላ ሰው እርዳታ ተጠቅመሻል። እኔ? እኔ አጭበርባሪ ልባል? ሁለት ዓመት ሙሉ በላቤ ያመጣሁት ነጥብ ነው እኮ!

ቼዝን በኢንተርኔት የተማርኩት እዚሁ ተራ ላይ ነው። ቬጋስ ውስጥ ታክሲ መንዳት ግማሹ ሺፍት መጠበቅ ነው። ትምህርቱን በቪዲዮ አይና ጨዋታ እጀምራለሁ፤ ያኔ የኛ ሰው ይከበኛል። የኛ ሰው ደግሞ ዳማም ይሁን ካርታ፣ ጨዋታ እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ኧረ ፈረሱን!» ይላል አንዱ። «ተዪው፣ ወጥመድ ነው!» ይላል ሌላው። የተራው ሽማግሌ ግን አይጮኹም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከጀርባዬ ቆመው ቀስ ብለው «እስቲ ልጄ፣ ንግሥቲቱን አቆዪያት» ይሉኛል፤ አቆያታለሁ። ትልቅ ሰው ተናግሮ እምቢ ይባላል እንዴ?

ይሄ ማጭበርበር ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ጋሼ ሲሰሙ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «በኔ የተነሳ? ውይ ልጄን!»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አደረጉ» አልኳቸው። ውስጤ ግን በግኗል። ለቼዝ ድረ ገጹ ይቅርታ ጽፌ ሁለተኛ ዕድል ሰጡኝና፣ ሥራ በማልገባበት ቀን ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አሳያቸዋለሁ!

ሰባት ጨዋታ ተጫወትኩ፤ ሰባቱንም ተሸነፍኩ። ስምንተኛው ላይ ንግሥቴን በነፃ አስበላሁ። እግዚኦ! አካውንቴ ሲዘጋ እንኳን እንዲህ አልደነገጥኩም። ታዲያ ያ ሁሉ ነጥብ የማን ነበር? የኔ የሆነች አንዲት ጨዋታ ሳላሸንፍ አልተውም ብዬ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ተራ ላይ መስኮቴን ዘግቼ መጫወት ጀመርኩ። «ኮራችብን» አሉ። ይበሉ! የተሸነፍኩትን ጨዋታ እየመለስኩ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አያለሁ፤ በራሴ ላይ እናደዳለሁ፤ እንደገና እገባለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከበድ ያለ ተጫዋች ገጠመኝ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረኝ ፈረሴን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ፤ በዚያው ቅጽበት መስኮቱ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። በዚያ የሐምሌ ፀሐይ አንድ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋርደው፣ በሌላው ጣታቸውን ወደፊት ቀስረዋል። ፈረሱን ሊነግሩኝ! ስልኩን ደረቴ ላይ ገልብጬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ለትልቅ ሰው! ማድረጌን ራሴም አላመንኩም። ትንሽ ቆመው ሄዱ።

ፈረሱን እኔ ባሰብኩት በኩል አስገባሁት። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው እጁን ሰጠ። አሸነፍኩ! ማንም ሳይነግረኝ! ልነግራቸው ዘልዬ ወረድኩ።

ከፊቴ አንድም ታክሲ የለም። ከኋላዬ የነበሩትም ሁሉ አልፈውኝ ሄደዋል፤ የጋሼ መኪና ብቻ ቀርታለች።

«ተራሽ ሲያልፍ አይቼ ነው ያንኳኳሁት» አሉኝ። «ስልኩንማ እንዳላይ ዓይኔን ሸፍኜ ነበር፤ ደግሞ በኔ ምክንያት እንዳይዘጋብሽ።»

ማሸነፌን ሳልነግራቸው ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።