የልብስ ጠባቂዋ ዘጠና

አንደኛ ክፍል የገባሁት ከተዳርሁበት ቤት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ቢቸና ላይ፣ በስድስት በሰባት ዓመት ከምበልጣቸው ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ተካፍዬ ተቀመጥሁ። ፊደሉን ቶሎ ያዝሁት፤ ቁጥሩንም አልፈራሁትም። የምፈራው የስፖርት ክፍለ ጊዜን ነበር። ልጆቹ እየተገፋፉ ወደ ሜዳ ሲወጡ እኔ ረጅም ቀሚሴን ለብሼ፣ መቀነቴን ታጥቄ በሩ ላይ እቀራለሁ። በዚያ ልብስ መሮጥ አይቻልም። ሌላ ልብስ የለኝም፤ ቢኖረኝም ባል አግብታ የፈታች ሴት ከሕፃናት ጋር ስትራወጥ ማን አይቶ ዝም ይላል።

የስፖርት መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን አዩኝና «አንቺ እንኳ እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጭና የልጆቹን ልብስ ጠብቂ» አሉኝ።

ጠበቅሁ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ጠበቅሁ። ነጠላውን፣ ሹራቡን፣ ደብተሩን በየባለቤቱ ለይቼ እደረድራለሁ፤ ከእጄ የጠፋ ነገር አልነበረም። በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ካርዴ ላይ ስፖርት ዘጠና ይላል። አምስተኛ ክፍል አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው ስትሮጥ ጥንቸል የምትመስል ልጅ ነበረች፤ የእሷ ስፖርት ሰማንያ ስምንት ነበር። የሁለታችንን ካርድ ጎን ለጎን ይዛ ቁልቁል አነበበችና የእኔን መለሰችልኝ።

«በልብስ ጥበቃ አንደኛ ወጣሽ» አለችኝ።

አልሳቀችም። ስቃ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር።

አሁን ሞጣ ላይ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የስምንተኛ ክፍል ስም ጠሪም ነኝ። ስም ጠሪ ማለት የተማሪውን ስም የሚጠራ ብቻ አይደለም፤ የየትምህርቱን ማርክ ከየመምህሩ ተቀብሎ ሮስተር ላይ የሚሞላ፣ የሚደምር፣ ደረጃ የሚያወጣም እሱ ነው። ሮስተር ስሞላ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያበሳጨኝ ነበር። የስፖርት ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዘጠና፣ ዘጠና፣ ዘጠና ነው። የሮጠውም ዘጠና፣ የተኛውም ዘጠና።

ስብሰባ ላይ ብዙ አልናገርም። አምና ግን ዓመቱ ሲጀመር እጄን አወጣሁ። «የስፖርት ማርክ ማርክ አይደለም፤ ምጽዋት ነው። ያልተለካ ነገር አይሰጥ» አልሁ።

የስፖርት መምህሩ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ። «እሺ፣ እለካለሁ» አለ። «ግን ስድሳ ስምንት ልጅና አንድ ኳስ ነው ያለኝ።»

«ኳሷን ለስድሳ ስምንት ቆርጠህ አካፍላቸዋ» አለው የሒሳብ መምህሩ። ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር። ከመቶው አርባው ሜዳውን አራት ጊዜ በመዞር፣ በሰዓት ተይዞ እንዲሰጥ ተስማማን። የታመመ ልጅስ? ሲባል፣ የታመመ እንዳይጎዳ ግማሹ፣ ሃያው ይያዝለት አልሁ። እኔው አልሁ፣ እኔው ጻፍሁ።

ሌላም ነገር አለ። የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣው ኮሚቴ ውስጥ ነበርሁና ስፖርትን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ አደረግሁት። ልጆቹ ከሜዳ ሲመለሱ አቧራ ለብሰው ነው የሚመለሱ፤ አውራ ጣታቸው ደብተሩ ላይ ይታተማል። እኔ ደግሞ ለንጽሕና ከአሥር ሁለት ማርክ እቀንሳለሁ። ስፖርቱ መጨረሻ ከሆነ አቧራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ነው። ማንም አልተቃወመኝም።

ትምህርት ዘግይቶ በመጀመሩ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሁዳዴ ውስጥ አለቀ። የሙስሊሞቹም ጾም በዚያው ሰሞን ገባ። እንግዲህ የስምንተኛ ክፍል ልጆች አርባውን ማርክ ሊሮጡ የወጡት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው፤ ውሃ በአፋቸው ሳይዞር። እኔ ቢሮ መስኮት ሥር ደብተር አርም ነበር። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ግን ተቀምጫለሁ።

አንዲት ተማሪ አለችኝ። ከገጠር ነው የምትመጣ፤ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ መጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ትመለሳለች። ትምህርት የገባችው እንደ እኔው አርፍዳ ነው፤ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ትበልጣለች። ድርሰት ስትጽፍ አንድ ቃል አታባክንም። ለአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከየክፍሉ እስከ ሦስተኛ የወጡት ብቻ ተመዝግበው እንደሚላኩ ከተነገረ ወዲህ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነበር የማያት፤ ማርኳን ትደምራለች። ያን ትምህርት ቤት ብትገባ መንገዱ ቀረላት ማለት ነው። ከመንገዱም ጋር ብዙ ነገር ይቀርላታል፤ ቤቷ ሽማግሌ ተልኮ እንደነበር ከጓደኞቿ ሰምቻለሁ።

በሜዳው ዳር አራት ልጆች «ሆዴን» ብለው የልብሱ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ይሮጣሉ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የሆነች አንዲት ሙስሊም ተማሪ ሒጃቧን አጥብቃ እያሰረች፣ ያቺን ከገጠር የምትመጣዋን ልጅ ስታልፋት ወደ ኋላ ዞራ «አይዞሽ፣ እናንተስ ዘጠኝ ሰዓት ልትበሉ ነው፤ እኛ ገና ፀሐይ ገብታ መግሪብ እስኪደርስ አለብን» አለቻት።

«እንግዲያ ምን ያሯሩጥሻል፤ ቀስ በይ» አለቻት ልጅቷ። ድምጿ ደርቋል።

ሦስተኛው ዙር ላይ የፕላስቲክ ጫማዋ ተበጠሰ። አንሥታ በእጇ ያዘችው። ሁሉም ጨርሰው እሷ ብቻዋን ቀረች። መምህሩ ስልኩ ላይ ሰዓቱን እያየ «ይበቃሻል፣ ተቀመጭ» አላት።

«አንድ ዙር ቀርቶኛል» አለች። ዞረችው። ሮጠች ማለት አይቻልም፤ ግን ዞረችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሮስተሩን ዘርግቼ ደመርሁ። ያቺ ልጅ አራተኛ ነች። ከሦስተኛው ልጅ የምታንሰው በሁለት ማርክ ነው። ሦስት ጊዜ ደመርሁት፤ ሦስቴም ያው ሆነ። ከዚያ የስፖርት ዝርዝሩን ቁልቁል አየሁት። ሩጫ ከአርባ፣ እሷ አሥራ ስድስት። የልብሱ ክምር ላይ የተቀመጡት አራቱ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ።

የስፖርት መምህሩን ጠራሁትና ጣቴን ቁጥሩ ላይ አደረግሁ። ገና ሳልናገር ገባው።

«እኔም ሳወጣው አየሁት» አለ። «ግን ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ መምህርት።» ዝርዝሩን ወደ ራሱ ሳበ። «እንደታመመች ልቁጠራት? ሃያ ይሆናል፣ ሦስተኛ ትወጣለች። በዚያ ረሀብ የሮጠ ሰው ታሟል ቢባልም ውሸት አይደለም። ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ክፍሉ በሙሉ እያያት ነው የዞረች።»

«ማን ያስታውሰዋል?»

«እሷ» አልሁት።

የእኔን ዘጠና ግን አልነገርሁትም። በዚህ ሁሉ ዓመት ለማንም አልነገርሁም። የሚሰጣት አራት ማርክ ነው፤ ለእኔ የተሰጠኝ ዘጠና ነበር፤ እሷ ሮጣለች፣ እኔ አልሮጥሁም። በዚህ ሒሳብ ከሄድን የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረውም። እስክሪብቶውን አንሥቼ አስቀመጥሁት፣ ደግሞ አነሣሁት። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሁሉም ልጆች እንደገና፣ በጠዋት፣ ጉልበት ሳለ ይሩጡ አልሁት።

«እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ መምህሩ።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አብረን ገባን። ቆሞ ሰማን። «መምህርት» አለኝ፣ «ዝርዝሩ ነገ ጠዋት ይሄዳል። እንደገና ይሩጡ ብል ሃያ የያዙት፣ አርባ የያዙት ወላጅ ይዘው ይመጣሉ። ደግሞ ካልተለካ አይሰጥ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ተለካ።»

ተመለስሁና አሥራ ስድስቷን ጻፍሁ። መጻፌ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ውሸት አልጻፍሁም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ቀጥ ብዬ የቆምሁት በእሷ ትከሻ ላይ ቆሜ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ሦስተኛ የወጣው ልጅ ተላከ፣ ፈተናውንም አለፈ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በእሱ ቅር የሚለኝ ነገር የለም።

ካርድ የሰጠሁ ዕለት መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቆየች።

«ቲቸር፣ ምን ጣለኝ?»

«ሩጫው።»

«ስንት አገኘሁ?»

«አሥራ ስድስት።»

«እነዚያ ልብስ ላይ የተቀመጡትስ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሃያ» አልኋት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያ ብቀመጥ ኖሮ አልፌ ነበር» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ድምሩ ትክክል መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው ነበር ያለችው።

«አዎ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

ልብስ መጠበቅን ማን ያስተምራል። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም» አልኋት።

አየችኝ። «እርስዎ እኮ የአማርኛ ነዎት፤ ስለ ሩጫ ምን ያውቃሉ» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ነው። ካርዱን ደብተሯ ውስጥ ከታ ሄደች። መንገድ አለባት።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስፖርትን ወደ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አመጣነው። ከእሱ ቀጥሎ የእኔ አማርኛ ነው። የስፖርት መምህሩም አለካኩን ለወጠ። መጀመሪያ ሁሉም ይሮጡና የየራሳቸው ሰዓት ይጻፋል፤ ወሩ ሲያልቅ እንደገና ይሮጣሉ፤ ማርኩ የሚሰጠው ልጁ ከራሱ ምን ያህል እንደተሻለ ታይቶ ነው። መሮጥ የማይችል ዙር ይቆጥራል፣ ሰዓት ይይዛል፣ የልብ ምት መለካት ይማራል፤ እሱንም ይፈተንበታል። ተቀምጦ ሃያ የሚባል ነገር ቀረ። ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ያቀረበው እሱ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ጻፍሁ፤ ይህን ጊዜ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበብሁ።

ያቺ ልጅ በሁለተኛው ሩጫ ከአርባ ሠላሳ ስድስት አገኘች። በዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ ወጣች። ዝርዝሩ ግን ከሄደ ቆይቷል። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል እዚሁ ሞጣ ትማራለች፤ ያንኑ መንገድ እየተመላለሰች። ሽማግሌዎቹ እንደገና መጥተው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆማ ሰላም ትለኛለች፤ ትምህርቱ እንዴት ነው እላታለሁ፤ ደኅና ነው ትላለች።

የዘንድሮዎቹ ስምንተኛ ክፍሎች ከሜዳ በቀጥታ ወደ እኔ ይገባሉ። ላብ ላብ ይሸታሉ፤ እስኪረጋጉ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፤ ይሰለቸኛል። ባለፈው ሳምንት ድርሰታቸውን ሳርም አብዛኛው ገጽ ላይ ቀይ አፈር በአውራ ጣት ታትሟል። እጄ ልማዱን አልተወም፤ እስከ ዘጠነኛው ደብተር ድረስ ለንጽሕና ሁለት ሁለት ስቀንስ ቆይቻለሁ። አሥረኛው ላይ ስደርስ አቆምሁ። አቧራውን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ።

ዘጠኙን ደብተሮች ከታች አወጣኋቸውና በየተራ ማርካቸውን አስተካከልሁ።