አውሮፕላኑ ሳይነሳ

ከትዳር አጋሩ መንገዱን የሚሰውር ሰው፣ ከመንገዱ ጋር የሚሰውረው ጥፋት አለው። ነጅሙዲን ወደዚህ ፍርድ የደረሰው ሚስቱ ሳሊሐ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯ ክሎሪን ክሎሪን መሽተቱን ባስተዋለ ጊዜ ነው። ፍርዱ አጭርና ጥርት ያለ ስለሆነ እኔም ለረጅም ጊዜ እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሳሊሐ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ የካዚኖ ሆቴል ክፍል በማጽዳት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። የተወለደችው ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ነው፤ ሆኖም ውሃውን የምታውቀው ከላይ ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች እንጂ አትገባበትም። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረባዋ ኡሙሰልማ ቦኔር የምትባል የካሪቢያን ደሴት በቪዲዮ አሳየቻት። ሰዎች አየር የታመቀበት ሲሊንደር በጀርባቸው አዝለው፣ ከዳርቻው በእግራቸው ገብተው በዓሣዎች መካከል ይጠልቃሉ። ሳሊሐ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ መልሳ አየችው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ወደዚያ ለመሄድ የእረፍት ቀናቸውን አስፈቀዱ። ሳሊሐ የደም ግፊት ስላለባት ሐኪሟ ለመጥለቅ ብቁ ናት ብሎ ፈረመላት። ሰውነትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የዋና ልብስ ገዛች፤ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ ደግሞ ሴት አስተማሪ አገኘች። ምኞቱ ቅንጦት መሆኑን አልክድም፤ በሥርዓት የታቀደ ቅንጦት ግን ነበር።

ለባሏ ያልነገረችው በራሱ ሕግ ነው። ዲቪ በደረሳቸው ጊዜ ነጅሙዲን፣ «አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለእናትሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የተወራ መንገድ ይሰናከላል» ብሏት ነበር። እናቷ የልጃቸውን መሄድ የሰሙት አሜሪካ ከገባች በኋላ በስልክ ነው። ሳሊሐ ሕጉን ተማረች፤ የመጥለቅ ትምህርቱን የመጨረሻ ፈተና ሳታልፍ ለማንም ላለመናገር ወሰነች።

ነጅሙዲን በከተማዋ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ መንገደኞችን በዊልቸር ይገፋል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሥራ ጓደኛውን አወልን ጠየቀው።

«ሮቢ የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

«በዚህ ከተማ ሮቢ ያልሆነ ማን አለ?»

«ሚስቴን በቴክስት ‹ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ልብስሽን አትርሺ› የሚላት።»

አወል ማኘኩን አቆመ። «አቦ ነጅሜ! ላውንድሪ ቤት ይሆናላ።»

«ወላሂ አትቀልድብኝ።»

«ታዲያ ጠይቃታ!»

«ከጠየቅኋት ትደብቃለች።»

«እስከ ዛሬ ምን እያደረገች ነው ታዲያ?»

ነጅሙዲን አልጠየቃትም። በዚያው ዓርብ ቁምሳጥኗን በረበረ፤ ቦኔር ለሁለት ሰው የተያዘ ማረፊያ የሚገልጽ ወረቀት አገኘ። ለጉዞው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ፓስፖርቷን አንሥቶ በሥራ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። እስክትናዘዝ ድረስ ሊይዘው አሰበ።

ቅዳሜ ሳሊሐ ቤቱን ገለባበጠችው። ፍራሽ አነሣች፤ የዱቄት ዕቃ ሳይቀር ፈተሸች።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት።

«ጉትቻዬ።»

እርሱም ሶፋውን አንሥቶ ጉትቻ አብሯት ፈለገ። ሰኞ ዕለት፣ ባዕድ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናል ብላ ስለፈራች፣ ፓስፖርቷ መጥፋቱን ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተች።

ማክሰኞ ነጅሙዲን መኪናዋን ተከትሎ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ደረሰ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ጠብቆ ከመኪናው ወረደ። ከመዋኛው ሕንፃ በር ላይ ፀጉሯን የተሠራች፣ ፊሽካ በአንገቷ ያንጠለጠለች ወጣት ቆማለች።

«ሮቢ የሚባለውን ሰውዬ ፈልጌ ነበር» አላት።

«እኔ ነኝ ሮቢ» አለችው፣ አሜሪካ ያደገ ሰው በሚናገረው አማርኛ። «አንተ ነጅሙዲን ነህ፣ ራይት? ሳሊሐ ፎቶህን አሳየችኝ። ዛሬ ፈተና አለፈች! አራት ሜትር ወረደች፤ ግን ታለቅሳለች። ፓስፖርት ጠፋ።»

ሳሊሐ እርጥብ ፀጉሯን በሻርፕ እየሸፈነች ወጣች። ነጅሙዲን ፓስፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

ሮቢ ቀድማ አየችው። «ኖ፣ ኖ። ጠፋ ካለች ካንስል ነው። ቢገኝም አይሠራም።»

ሳሊሐ ፓስፖርቱን ሳይሆን ጃኬቱን አየች። «እዚህ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር።»

«ሶፋውን ስታነሣም?»

«ሶፋውን ሳነሣም። ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«‹አውሮፕላኑ ሳይነሳ› ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

በቀሩት ቀናት አዲስ ፓስፖርት ለማውጣት ቀጠሮ አልተገኘም። ኡሙሰልማ ብቻዋን ሄደች፤ ሻንጣዋን እስከ አየር ማረፊያው የፍተሻ ኬላ የገፋላት ነጅሙዲን ነው። ሳሊሐ በዚያ ሳምንት እረፍቷን ሰርዛ ክፍል ስታጸዳ ሰነበተች። የዋና ልብሷ ዊንቸስተር ሰፈር በሚገኘው አፓርትመንታቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ነጅሙዲን በጎኑ ባለፈ ቁጥር ከሚያየው መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ እንዲነሣ አልጠየቃትም፤ እርሷም አላነሣችውም።

በመግቢያዬ ያኖርሁት ፍርድ በሳሊሐ ላይ አልጸናም። መንገዷን ሰውራለች፤ የተሰወረ ጥፋት የተገኘው ግን በባሏ ኪስ ነው። እርሷ ለባሏ አንድ ቃል መንገር ነበረባት፤ ይህን አላድበሰብስም። ነጅሙዲን ደግሞ ቁምሳጥኗን ከመክፈቱ በፊት ሚስቱን አንድ ጊዜ፣ ፊት ለፊት፣ መጠየቅ ነበረበት።