አባቴ ብስክሌት የለመደበት በጋ

አባቴ ዕድሜው ሃምሳን ከተሻገረ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ "ብስክሌት ልገዛ ነው" አለን። እናቴ ወጥ እያወጣች ነበር። ጭልፋውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

"ለማን?"

"ለራሴ ነዋ።"

እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሰችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቴ አልተቆጣም። እንጀራውን እየቆረሰ "ሳቂ፣ ሳቂ፤ ሳቅ አይከለከልም" ብቻ አላት።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ብዙ ከለፋ በኋላ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ደንደን ያለ፣ ሲራመድ የማይቸኩል፣ ከቤቱ ያለ ኮትና ያለ ባርኔጣ የማይወጣ ሰው ነበር። እሱን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ማሰብ ለእናቴ ቀርቶ ለእኔም ይከብድ ነበር።

ምኞቱ ከየት እንደመጣ ግን አውቄዋለሁ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሐጂ፣ የእህል ነጋዴው፣ በዚያው ዓመት ብስክሌት መንዳት ጀምረው ነበር። ሐጂና አባቴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። በዓል ሲሆን አንዱ ሌላው ቤት ሳይገባ አይውልም፤ ሲቀላለዱ ግን የሰማ ባላንጣዎች ይመስሉታል። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሰብስበው፣ ጠዋት ጠዋት በደጃችን ሲያልፉ ደወላቸውን እያቃጨሉ "እንዴት አደርክ? ዛሬም በእግርህ ነህ?" ይሉታል። አባቴ ይስቃል። ሲርቁ ግን እስኪታጠፉ ድረስ ቆሞ ያያቸዋል።

ፍለጋውን የጀመርነው በማግስቱ ነው። አብሬው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጁ ስለሆንኩና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለነበርኩ ነገር ታውቃለች ብሎ ያምነኛል። መጀመሪያ ፒያሳ ወጣን። በመስታወት የተሠራ ሱቅ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ጎማው ጣት የሚያህል የእሽቅድምድም ብስክሌት አወጣልን። አባቴ ዞሮ ዞሮ አየው።

"ይሄ ፌንጣ ነው እኔን የሚሸከመው?"

ጣሊያኑ ጎማውን በጡጫው መታ መታ አደረገ። "ጠንካራ ነው! አንተ ቁጭ በል፣ እሱ ይሄዳል!"

አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ በትህትና አመሰገነውና ወጣን። ደረጃው ላይ "ሰውየው ደግ ነው፤ ብስክሌቱ ግን የሰው ልጅ አያውቅም" አለኝ።

ከዚያ መርካቶ ወረድን። እዚያ ያገኘነው ባለሱቅ ደግሞ ምላሱ ከብስክሌቱ ይበልጥ ነበር። አንድ ጥቁር ብስክሌት አቁሞ "ትናንት ነው ከሣጥኑ የወጣው" እያለ ሲምል፣ ያለቀው ጎማው በጥቁር ቀለም እንደተቀባ እኔ አየሁ። ሁለቱ ሲከራከሩ ሰለቸኝ። ግድግዳው ላይ የተደገፈች፣ መሐሏ ዝቅ ያለ የሴት ብስክሌት ነበረች። ሳላስበው አነሳኋት። ፍሬኗን ጨበጥ ጨበጥ አደረግሁ፤ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወጣሁባትና ከሱቁ በር እስከ መንገዱ ጥግ ሄጄ፣ ዞሬ መጣሁ።

ስወርድ ሁለቱም ክርክራቸውን ትተው እኔን ያያሉ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ከትምህርት ቤት ስንወጣ የኪራይ ብስክሌት እየተከራየን መንዳት ከለመድን ቆይተናል፤ ቤት ግን ማንም አያውቅም ነበር።

"የት ተማርሽው?" አለኝ አባቴ።

"ከጓደኛዬ ጋር… ትምህርት ቤት አካባቢ።"

ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ መልሼ አስደገፍኳት። አባቴ ብስክሌቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ባለሱቁን።

"በል ወንድሜ፣ ብስክሌትህን አልፈልገውም። ግን ባዶ እጄን አልተመለስኩም፤ አስተማሪ አግኝቻለሁ።"

ከመርካቶ እስከ ኮልፌ በእግራችን ስንመለስ አንዴም አልተቆጣኝም። እንዲያውም "ሲወድቁ ያማል?" "ስትታጠፊ መሪውን ነው ወይስ ራስሽን ነው የምታዘነብዪው?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አጠና ተራ ስንደርስ፣ ከተደረደረው የባሕር ዛፍ አጠና ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት በር ላይ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ተሰቅሎ አየን። በየቀኑ በዚያ እናልፋለን፤ አንዳችንም ልብ ብለነው አናውቅም።

ውስጥ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተነፈሰ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ትፈልጋለች። ባልየው አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና ማንም ያልጠየቀንን ጥያቄ ጠየቀ።

"የት ሊነዱት ነው?"

"ከቤቴ እስከ ሱቄ። እሁድ እሁድ ደግሞ…" አባቴ እንደ ማፈር አለ። "ወዲያ ወዲህ።"

"ነድተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"ጥሩ። ክፉ ልማድ የለብዎትም ማለት ነው። እስቲ ይቁሙልኝ።"

ሰውየው የአባቴን እግር በገመድ ለካ። ከጥጉ ጎማው ወፈር ያለ፣ ኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው ጥቁር ብስክሌት ስቦ አወጣ። አባቴ እጁን ሲዘረጋ ሰውየው መለስ አደረገው። "ዛሬ አልሰጥዎትም። ኮርቻውን ዝቅ፣ መሪውን ከፍ አድርጌ ልስጥዎት። ዛሬ ቢወስዱት የሌላ ሰው ብስክሌት ነው፤ ነገ የእርስዎ ይሆናል።" ሚስትየዋ ከበርጩማዋ ሳትነሳ "ደግሞ ደወሉን ትልቅ አድርግላቸው" አለችው። አባቴ ይሄን ሲሰማ ፊቱ በራ።

በማግስቱ ብስክሌቱን ከፍለን ወሰድን፤ አሁን ደግሞ የምንነዳበት ቦታ ጠፋ። በቤታችን ፊት ያለው መንገድ ኮረት ነው፤ በዚያ ላይ አጠና የጫኑ አህዮች ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል። ከሁሉ በላይ ግን አባቴ ከሐጂ መደበቅ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ብስክሌቱን እየገፋን ከባሕር ዛፉ ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንወጣለን። የሱሪውን እግር ካልሲው ውስጥ ይከታል፤ እኔ የኋላውን መጫኛ ይዤ እሮጣለሁ።

"እንዳትለቂኝ!"

"ይዤሃለሁ አባባ! ወደ ታች አትይ፣ ወደ ፊት!"

"ወደ ፊትማ ዛፍ አለ!"

አንድ ጠዋት ከእንጦጦ በኩል ጭራሮ ተሸክመው የመጡ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ሜዳው ዳር ያርፉ ነበር። አባቴ ከሩቅ አያቸውና "ወደዚያ እንዳልሄድ" አለ፤ ይህን እያለ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ሄደ። ጭራሮው ውስጥ ተሰንቅሮ ባርኔጣው ብቻ ታየ። ከሴቶቹ አንዷ "ኧረ ጋሼ፣ እንጨት ፈልገው ከሆነ እናመጣልዎት ነበር እኮ!" ስትለው ከማንም በፊት የሳቀው ራሱ ነው። አንስተው ቅጠሉን ከኮቱ አራገፉለት። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ሲያርፉ "በርቱ ጋሼ!" እያሉ ያበረታቱት ጀመር።

የለመደበት ቀን እንዲህ ሆነ። ስለ አቡጀዲ ጨርቅ ዋጋ መናር እያወራልኝ ነበር፤ እኔም ከኋላው እየሮጥኩ "እሺ፣ እሺ" እላለሁ። ትንፋሼ ሲያልቅ ለቀቅሁት። እሱ አላወቀም፤ ሜዳውን ለብቻው እያቋረጠ ስለ አቡጀዲ ይናገራል። መልስ ሲያጣ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከእሱ ርቄ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

"ለቀቅሽኝ እንዴ?!"

"ቆይቷል!"

አልወደቀም። ሜዳውን ዞረ። ደገመ። ሦስተኛውን ሲዞር ድምፁ ተለወጠ። "እንዴት ነው የሚቆመው? ማቆሙን አላስተማርሽኝም!" "ፍሬኑን አባባ!" ብዬ ብጮህም እጁን ከመሪው ለማንቀሳቀስ አልደፈረም። ዳገት ፈልጎ ወደዚያ አዞረው፤ ብስክሌቱ ራሱ ደክሞት ቀስ ብሎ ቆመ። አባቴ ወርዶ መጣና ግንባሬን ሳመኝ። ላብ በላብ ሆኖ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለውን አስፋልት ያዝነው። እሁድ ማለዳ መኪና አይበዛበትም፤ ለስላሳነቱም አባቴ እንዳለው "ቅቤ የተቀባ" ነበር። ሰኞ ጠዋት ሐጂ ደወላቸውን እያቃጨሉ በደጃችን ሲያልፉ አባቴ ከበሩ በብስክሌት ወጣና ትልቁን ደወል አቃጨለባቸው። ሐጂ ደንግጠው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

"ወላሂ! አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ዛሬ በእግሬ አይደለሁም።"

ሐጂ በሳምንቱ መጨረሻ ቤታችን መጡ። እሁድ ገፈርሳ ድረስ፣ የግድቡ ውሃ ጋ እንሂድ አሉ። አባቴ ተስማማና "ልጄም ትመጣለች" ብሎ ጨመረበት።

"በምን?" አሉ ሐጂ።

"በብስክሌት ነዋ። እኔን ማን ያስተማረኝ ይመስልሃል?"

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። "እሷ? ይሄን ሁሉ ሥጋ ሚዛን አስይዛ? እንግዲያው ከፊት ሆና እሷ ትምራን።"

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። "ሰው ምን ይላል? ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በገበያ መሐል በብስክሌት?"

"ሰውማ እኔንም ጭራሮ ውስጥ አይቶኛል" አላት አባቴ። "አልሞትኩም።"

እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ወዲያው የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ሰማሁ። ማታ ራት ሳይቀርብ ከቀሚሴ ሥር የምለብሰው፣ ከጠንካራ ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ ሱሪ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቁመቱ ልክክ ያለ ነበር።

እሁድ ጠዋት ከአጠና ተራው ሰውዬ የተከራየኋትን ብስክሌት ይዤ ከፊት፣ አባቴና ሐጂ ከኋላዬ፣ በገበያው መሐል አለፍን። አንድ ነጋዴ ሱቁን እየከፈተ አየንና "ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ! ኧረ ምን ዘመን መጣ?" ብሎ ጮኸ። ሐጂ ፔዳላቸውን ሳያቆሙ "ጥሩ ዘመን!" አሉት።

ከአስኮ በላይ ያለው ዳገት ጉልበታችንን ጨረሰው። ወርደን ገፋን፤ አረፍን፤ ደግሞ ገፋን። ሁለቱ ማን ቀድሞ እንደደከመው ሲከራከሩ ደረስን። ውሃው በተንጣለለ ሜዳ መሐል ተኝቷል፤ ወፎች ዳር ዳሩን ይለቅማሉ። እናቴ የቋጠረችልንን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ሐጂ ያመጡትን ቴምር ሣሩ ላይ ዘርግተን በላን። አባቴ ኮቱን አውልቆ በጀርባው ተጋደመ። ኮቱን ሰው ፊት ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"እኔ ሱቅ ውስጥ ስቀመጥ፣ ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?" አለ።

"ነበር" አሉ ሐጂ። "አንተ አልመጣህም እንጂ።"

የመመለሻው መንገድ ቁልቁለት ነው። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይዘፍናል፤ ዓይኔ ያለቅሳል፤ ፔዳል የሚነካ የለም። የአባቴ ባርኔጣ ተነስቶ ሄደ። ላቆምለት ስል "ተዪው! ተዪው! ሂጂ!" ብሎ ጮኸ። እየሳቅን እስከ ኮልፌ ወረድን።

በዚያው ሳምንት ሁለት የሰፈራችን ልጃገረዶች አባቴ ሱቅ መጡ። ጨርቅ የሚገዙ መስለው ትንሽ ከቆዩ በኋላ አንደኛዋ "ጋሼ፣ ብስክሌት እንድማር አባቴን ቢያናግሩልኝ" አለችው። አባቴ አናገረላቸው። አንደኛው አባት ቶሎ እሺ አለ፤ ሁለተኛው ግን ሐጂም ተጨምረውበት፣ ከብዙ ልመና በኋላ ነው የተረታው። በጋው ሳያልቅ ሜዳው ላይ እሁድ እሁድ አንዷ ስትነዳ ሌላዋ ከኋላ እየያዘች የምትሮጥበት ትምህርት ቤት ሆነ። የአጠና ተራው ሰውዬ መሐላቸው ዝቅ ያሉ ብስክሌቶች ከየትም ፈልጎ በሩ ላይ ደረደረ።

አንድ እሁድ የሰውዬው ሚስት ከመነዳሪ መለጠፏን ትታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ሜዳው መጣች። "እኔስ? ስንት ዓመት ለሰው ስጠግን!" አለችኝ። ከያዝኳት ብዙም ሳትቆይ ለመደች። ከሜዳው ወርዳ በቀጥታ ወደ አጠና ተራ ነዳች። ባሏ መፍቻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ቢያውለበልብላትም አልቆመችለትም። ደወሏን አቃጨለችለትና ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ አለፈች።